ገና ጅቡቲ ላይ ለሚውልባችሁ ተማሪዎች

ታኅሣሥ 29 ቀን ጠዋት ጅቡቲ ከተማ ውስጥ የሚታይ የተለየ ነገር የለም። ሚኒባሱ ተሳፋሪ ይጠራል፣ መሥሪያ ቤቱ ይከፈታል፣ መምህሩም ክፍል ገብቶ ትምህርቱን ይቀጥላል። የአገሩ ትልልቅ የሃይማኖት በዓላት የእስልምና በዓላት ናቸው፤ የእኛ ገና እዚያ ተራ የሥራ ቀን ነው። በከተማዋ የሚኖሩት ካቶሊኮችና አውሮፓውያን ደግሞ የራሳቸውን ገና ከ13 ቀን በፊት አክብረው ጨርሰዋል። ኢትዮጵያዊው ተማሪ ከሁለቱም ሳይሆን መሃል ላይ ይቀራል። ሆድ የሚያስብሰውም የዶሮ ወጡ መቅረት ብቻ አይደለም፤ ቀኑ በዓል መሆኑን የሚያውቅ ሰው አጠገብ አለመኖሩ ነው።

አገር ቤት ሳላችሁ በዓል ሳትጠሩት ይመጣል። የሽንኩርቱ ሽታ፣ የበጉ ድምፅ፣ የጎረቤት «እንኳን አደረሳችሁ» በር ሰብሮ ይገባል። ጅቡቲ ላይ ግን የሚያሰናዳው ሰው ካልተገኘ በዓሉ አይመጣም። ችግሩ ደግሞ እዚያ ያለው ኢትዮጵያዊ ሁሉ «ማን ይጠራኝ ይሆን» እያለ በየክፍሉ መቀመጡ ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከአንድ ምክር የሚመዘዝ ነው፦ ጥሪ አትጠብቁ፣ እናንተው ጥሩ።

ብቸኝነት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ ብቸኝነት እንደሚያጠቃው ይገልጻል፤ ከ13 እስከ 29 ዓመት ባሉት ወጣቶች ዘንድ ደግሞ ከ17 እስከ 21 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ በክፍላችሁ ካሉት ጅቡቲያውያን መካከልም ከታጁራ ወይም ከዲኪል መጥቶ ዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚማር፣ ሰው የናፈቀው አይጠፋም።

አስቀድማችሁ አገር ቤት መሄድ ይቻል እንደሆነ አጣሩ

አንዳንዱ ተማሪ ሳያጣራ «አልሄድም» ብሎ ይቀመጥና ታኅሣሥ 25 ላይ ይቆጨዋል። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ጅቡቲ ናጋድ ጣቢያ ላይ ያሳፍራል። የመንገደኛ ባቡሩ በየቀኑ የሚነሳ እንዳይመስላችሁ፤ ቀኑን ጠይቁና ቲኬቱን ቀደም ብላችሁ ያዙ። እስከ አዲስ አበባ ያለው 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ሙሉ ቀን የሚፈጅ መንገድ ነው፤ ድሬዳዋ ግን ከግማሽ በታች ነው። በበዓል ሰሞን አዲስ አበባ መድረስ የማይችል ሰው ድሬዳዋ ያለ ዘመድ ወይም የክፍል ጓደኛ ቤት ቢውል ከአገሩ ዋለ ማለት ነው።

ዩኒቨርሲቲያችሁ ዕረፍት የሚሰጠው በፈረንጆቹ ታኅሣሥ መጨረሻ ከሆነ ገናን ትታችሁ ቁልቢን አስቡ። ታኅሣሥ 19 ቀን የሚውለው የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 28 ላይ ይወድቃል፤ ቦታው ከድሬዳዋ ሩቅ አይደለም። ለገና መሄድ ያልቻለ ሰው በቁልቢ አገሩን አይቶ፣ በርበሬውንና ቅቤውን ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ከመነሳታችሁ በፊት የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ቀን ተመልከቱ። ሄዶ መመለሻ ማጣት ከቀረ በዓል ይከፋል። ፈተና ጥር ላይ ያለበትም ሰው ልቡን አይክፈል፤ ቁርጡን አውቆ «ዘንድሮ እዚሁ ነኝ» ብሎ መዘጋጀት ይጀምር።

ሰው የሚገኘው በጾሙ ነው

አብዛኛው ሰው የበዓል ጓደኛ መፈለግ የሚጀምረው በዋዜማው ነው። በዋዜማ የሚገኝ ሰው ግን የለም፤ ያለው ሁሉ ቀድሞ ተይዟል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ ጀምሩ። ጾም የሚጾም ሰው ጅቡቲ ላይ በቀላሉ ይለያል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሥጋ የሌለበትን ሲያፈላልግ ታገኙታላችሁ። ሽሮና አልጫ የሚሠሩትን የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ጠይቁ፤ ባለቤቷ የከተማውን አበሻ ግማሹን ታውቃለች። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ከሁለት ሦስት ሰው ጋር የጾም ምሳ ብሉ። እስከ ገና ስድስት ሳምንት አለ። በስድስተኛው ሳምንት «በዓሉን የት ነው የምትውለው?» ብሎ መጠየቅ ከባዕድ እንደሚመጣ ጥያቄ አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ፊት ለፊት ልናገር። ተማሪ የሚፈልገው ተማሪ ነው፤ ጅቡቲ ላይ ግን አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ተማሪ አይደለም። በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች፣ ጋራዥና ምግብ ቤት ያሉ ልጆች፣ ወደብ የሚመላለሱ ሾፌሮች፣ በኢጋድ ዋና መሥሪያ ቤትና በኤምባሲው የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። «ከእኔ ጋር የሚወራ ሰው የለም» የሚል ተማሪ ብዙ ጊዜ ማለቱ «እንደኔ የተማረ የለም» ነው። ይህን ኩራት አስቀምጡት፤ የዶሮ ወጥ አሠራር የምታውቀው በሰው ቤት የምትሠራዋ እህታችሁ ናት።

ፈረንሳይኛውም የብቸኝነቱ ሌላ ምክንያት ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው በፈረንሳይኛ ስለሆነ በእንግሊዝኛ ተምሮ የመጣ ልጅ የክፍል ጓደኞቹን ቀልድ ለመስማት ወራት ይፈጅበታል። የሶማልኛ ሁለት ሦስት ቃል ግን በሳምንት ይያዛል። «ኢስካ ዋራን» ብሎ ጤና የጠየቀ፣ «ማሐድሰኒድ» ብሎ ያመሰገነ ልጅ በማግስቱ ስሙ ይጠራል። አማርኛ የሚሰማ ጅቡቲያዊም ብዙ ነው፤ ለሕክምና ወይም ለንግድ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የተመላለሰ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም።

ቀኑን ከሳምንቱ ዕረፍት ጋር አስታርቁት

የጅቡቲ የሳምንት ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነው። ገና ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከዋለ ቤተ ክርስቲያኑን በቀኑ ሳሙ፣ ግብዣውን ግን ዓርብ ጾም ስለሆነ ለቅዳሜ አሸጋግሩት። በሰው ቤት የሚሠሩትም ፈቃድ የሚያገኙ ከሆነ የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ በሳምንቱ ዕረፍት ነው። የ2019 ገና ሐሙስ ስለሚውል ማግስቱ ዕረፍት ነው። የ2020ው ደግሞ ዓርብ ላይ ይውላል፤ ያ ዓመት ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ በእኛ ቀን ታኅሣሥ 28 ይሆናል፤ አትሳሳቱ።

ጥሪው የቀን፣ የሰዓትና የሥራ ጥሪ ይሁን። «አንድ ቀን እንገናኝ» ማለት አለመገናኘት ነው። ይልቅ እንዲህ ጻፉ፦ «ዓርብ ታኅሣሥ 30 ከቀኑ 10 ሰዓት ቡና አፈላለሁ፤ አንቺ ዳቦ ይዘሽ ነይ፣ አንተ ስኳርና ውሃ ይዘህ ና።» ይዞ እንዲመጣ የታዘዘ ሰው አይቀርም፤ እሱ ከቀረ ዳቦ እንደሌለ ያውቃል። ለጅቡቲያዊ ጓደኛችሁ ስትጽፉ ሰዓቱን በእሱ አቆጣጠር 16 ሰዓት በሉት። አለዚያ «10 ሰዓት» ያላችሁት ሰው ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በር ያንኳኳል፤ እናንተ ደግሞ ገና ሽንኩርት እየላጣችሁ ነው።

የሥጋው ጉዳይ

ጅቡቲ ላይ ከምንም በላይ ተማሪን የሚያስጨንቀው ይህ ነው። የከተማው ሉካንዳ የሙስሊም ነው። ልማዱን የሚጠብቅ ኦርቶዶክሳዊ ከዚያ ሥጋ ገዝቶ አይፈስክም። ሙስሊሙ የክፍል ጓደኛችሁም እናንተ ባርካችሁ ያረዳችሁትን ዶሮ አይበላም። ይህ በወሎም በሐረርም በአዲስ አበባም አብሮን የኖረ ነገር ነው፤ ማንም ማንንም አይቀየምበትም፣ ድግሱም በሁለት ድስት ይሠራል። ጅቡቲ ላይም እንደዚያው አድርጉ።

ለራሳችሁ ድስት የቀዘቀዘውን የሱፐርማርኬት ዶሮ ትታችሁ ከነሕይወቱ የሚሸጠውን ከገበያ ግዙ፤ የሚያርድም ከመካከላችሁ አንድ ሰው ከወዲሁ ይመረጥ። ዓሥሩ ወንድ «እኔ አልችልም» ሲል ሰዓት እንዳይሄድ ነው። ሽንኩርቱን በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ተሰብስባችሁ ክተፉት። ዶሮ ወጥ ሰዓታት የሚፈጅ መሆኑ ለብቸኛ ሰው ጥቅም ነው፤ ቁጭ ብሎ ከመብላቱ ይልቅ አብሮ መክተፉ፣ ማቁላላቱ፣ «በርበሬው አነሰ፣ በዛ» መባባሉ የበለጠ ያቀራርባል። አንድ ምድጃ ብቻ ያለው የተከራየ ክፍል ይበቃል፤ ካልበቃ አከራያችሁን አስፈቅዱ፣ አስፈቅዳችሁም ከዶሮ ወጡ ውጭ ያለውን አቅምሷቸው።

ለእንግዳው ድስት ዓሣ ምረጡ። ዓሣ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም አራጅ አይጠይቅም፤ ጅቡቲ ደግሞ የባሕር ከተማ ናት። የየመኖቹ ምግብ ቤቶች ዓሣውን ለሁለት ሰንጥቀው፣ ቅመም ቀብተው፣ በሸክላ ምድጃ ጠብሰው ከትልቅ ቂጣ ጋር ያቀርቡታል። አንዱን ገዝታችሁ ወደ ቤት ብታመጡ ለብዙ ሰው ይበቃል፣ ምድጃም አትለኩሱም። ሽሮ ጨምሩበት። በእንጀራ ፋንታ የእንጀራ ዘመድ የሆነውን ላሆህ ብታቀርቡም አይከፋም። መጠጡን በተመለከተ ሙስሊም እንግዳ ባለበት ገበታ ላይ ቢራና አረቄ አታቁሙ፤ ቡናው፣ ሻዩና ለስላሳው በቂ ነው።

ጀበናና ስኒ ከአገር ቤት አስመጡ፤ ድሬዳዋ ከምትመላለስ ነጋዴ ጋር ይላካል። ዕጣን ግን አታስመጡ፤ ጅቡቲያውያን ኡንሲ በሚሉት ዕጣን ቤታቸውን የሚያጥኑ ናቸውና ገበያው ሞልቷል። እዚህ ላይ ሳልጠቅስ የማላልፈው ነገር አለ፦ በዚያ ከተማ የሚበላው ቲማቲምና ሽንኩርት በብዛት የሚሄደው ከኢትዮጵያ ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መብራቱም በመስመር ከኢትዮጵያ ይገባል፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ከሶማሌ ክልል ሐደጋላ የተቆፈረ ውሃ በቧንቧ ይደርሳል። ከአገሩ የመጣው ሁሉ እዚያ ለምዶ ሲሠራ ባይተዋር የሚሆነው ተማሪው ብቻ ነው።

ከ7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት

ጅቡቲ ላይ ብቸኝነት የሚከፋው ሌሊት ይመስላችኋል። እኔ ብጠየቅ ከሰዓት በኋላ ነው እላለሁ። እኩለ ቀን አልፎ ከኢትዮጵያ የተጫነው ጫት ከተማ ሲገባ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ይራቆታል፣ ወንዱ መብረዝ ወደሚባለው የጫት መቃሚያ ክፍል ይገባል፤ የቀረው ይተኛል። ከ7 እስከ 10 ሰዓት ድረስ በከተማዋ የሚያናግራችሁ አይገኝም። በበዓል ቀን ይህ ባዶ ጊዜ ሰው ይጥላል።

ለዚህ ጊዜ አስቀድማችሁ ሥራ ስጡት። የሚታጠብ ልብስ፣ የሚጻፍ የቤት ሥራ፣ የተባለው የሽንኩርት ክተፋ፣ ወይም መተኛት። መተኛትም ሥራ ነው፤ ሌሊቱን ማኅሌት ቆማችሁ ከሆነ በተለይ። መብረዙን ግን በብልሃት ያዙት። ለብቸኛ ወንድ ተማሪ ቀላሉ ጓደኝነት እዚያ ነው፤ ይጠሩታል፣ ቦታ ይለቁለታል፣ ጨዋታውም ይጥማል። ምሽት ላይ ግን ጨዋታው ያልቃል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ኪሱም ይጎድላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሌሊት ካልሄደበት ሌሊት ሁለት እጥፍ ይረዝማል። የማትቅሙ ከሆነ ለመግባባት ብላችሁ አትጀምሩ። የምትቅሙ ከሆነም በበዓል ሰሞን አታብዙት።

አሥር ሰዓት ሲሆን ከክፍላችሁ ውጡ። ጥር ለጅቡቲ ጥሩው ወቅት ነው፤ በሞቃቱ ወራት ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው ሙቀት በዚህ ጊዜ ቀን ላይ ወደ 28 ወይም 29 ዲግሪ ይወርዳል። በባሕሩ ዳር በእግር ሂዱ፣ በሲየስታ ዳርቻ ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች ተቀላቀሉ። ድሮ ፕላስ ሜኔሊክ ይባል የነበረው አደባባይ ዛሬ በነፃነት ቀኑ፣ በጁን 27፣ ስም ይጠራል፤ በረንዳው ላይ ሻይ መጠጣት ብዙ አያስወጣም። ገንዘብ ማዋጣት የምትችሉ ከሆናችሁ ደግሞ በዚሁ ወቅት ዌል ሻርክ የሚሉት ግዙፍ ዓሣ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል፤ በአርታ ዳርቻ በኩል በጀልባ ወጥቶ ማየት ይቻላል። ሰው አይበላም፤ ጀልባውን ለብዙ ተካፈሉት።

የዋዜማው ሌሊት

በከተማዋ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አለ። የልደት ማኅሌትና ቅዳሴ ሌሊቱን የሚዘልቅ ስለሆነ ብቻችሁን አትሂዱ፣ ብቻችሁንም አትመለሱ። ሌሊት ላይ አረንጓዴና ነጭ ቀለም የተቀባው ታክሲ ዋጋው ከቀኑ ይወደዳል፤ ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋ ቁረጡ፣ ለአራት ተካፈሉት። ቅዳሴው እንዳለቀ ወደ ቤት አትሩጡ። ጅቡቲ ላይ ሰው ከሰው የሚተዋወቀው በአጥሩ ውስጥ በሚቆመው ግማሽ ሰዓት ነው፤ የጽዋ ማኅበሩን፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ስልክ የምታገኙት ያኔ ነው። ወንጌላውያን የሆናችሁ ከከተማዋ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን፣ ካቶሊኮች ደግሞ ከካቴድራሉ ሄዳችሁ አማርኛ ተናጋሪዎቹ መቼ እንደሚሰበሰቡ ጠይቁ።

ስልኩን በልክ

የቤተሰብ ስልክ ያጽናናል፣ ያስለቅሳልም። ቀኑን ሙሉ በቪዲዮ የቤታችሁን ሳሎን ስታዩ ብትውሉ የራሳችሁ ክፍል ይጠብባችኋል። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ ጊዜ ደውሉ፣ ሁሉንም በየተራ እንኳን አደረሳችሁ በሉ፣ ዝጉ። ከዚያ ወዲያ የምትደውሉ ከሆነ ጉዳይ ይኑራችሁ፦ ድስቱን ጥዳችሁ እናታችሁን «እማዬ፣ ቅቤው አሁን ይገባል ወይስ በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁ። እሷም ከማዘን ይልቅ ማዘዝ ትጀምራለች፤ ለሁለታችሁም ይሻላል።

ገንዘብ የሚጠብቅባችሁ ቤተሰብ ካለ የምትልኩትን መጠን በኅዳር ተናገሩ። ውጭ አገር ያለ ልጅ ሁሉ የሞላለት ስለሚመስል «ለዶሮ ላክልን» የሚለው ጥያቄ በዋዜማው ሲመጣ ተማሪውን ከሰው ያሸሸዋል፤ ስልኩንም አያነሳም። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር 1 ለ177.7 ገደማ ተቆርጦ የተያዘ ስለሆነ የምትልኩት በዶላር ስንት እንደሚሆን ቀደም ብላችሁ ማስላት ትችላላችሁ።

ከእናንተ የባሰበት አለ

ከኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ያልፋል፤ ያን ጭነት የሚያመላልሱት ሾፌሮች ተራ ሲጠብቁ ፔካ 12 በሚባለው ሰፈር አካባቢ በመኪናቸው ሥር ቀናት ያሳልፋሉ። የገና ዕለትም እዚያው ናቸው። የጽዋ ማኅበሩን ወይም የሰንበት ትምህርት ቤቱን አስተባብራችሁ ድፎ ዳቦና በፔርሙዝ ቡና ይዛችሁ ጠዋት ላይ ሂዱ። በቡድን ሁኑ፣ ሴቶች ብቻቸውን አይሂዱ። ሾፌር ወሬ ያውቃል፣ መንገድ ያውቃል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቅቤያችሁን ከሐረር የሚያመጣላችሁም እሱ ሊሆን ይችላል።

ናፍቆት ከልክ ሲያልፍ

በዓል አልፎ ሳምንታት ከሄዱ በኋላም እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካላችሁ፣ ክፍል መግባት ካስጠላችሁ፣ ነገሩ ከናፍቆት አልፏል። መኖር ምን ያደርጋል የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ያን ሌሊት ብቻችሁን አትደሩ። በቅርብ ላለ ሰው በግልጽ ቃል ንገሩት፣ አብሯችሁ ወደ ፔልቲዬ ሆስፒታል ይሂድ። ቄሱም መምህሩም ይረዷችኋል፤ የሐኪሙን ቦታ ግን አይተኩም። ጓደኛችሁ እንዲህ ያለ ነገር ከነገራችሁም «በርታ» ብላችሁ አትለፉት፣ አብራችሁት እደሩ።

ገና ያልተሳካለት ሰው ጥምቀት አለለት። ጥር 11 ከገና 12 ቀን በኋላ ነው፤ በገና ቡና የጠጣችሁት ሰው ስልክ በእጃችሁ ስላለ ሁለተኛው ጥሪ ይቀላል።

የመጨረሻው ቃል ጅቡቲ ላይ ቤትና ድስት ላላችሁ ኢትዮጵያውያን ነው። የምታውቁት ተማሪ ካለ «በዓል ቀን ብቅ በል» አትበሉት፤ ያፍራል፣ አይመጣም። ቀኑንና ሰዓቱን ነግራችሁ፣ ይዞ የሚመጣውን ዳቦ አዛችሁ ጥሩት።